የጉርሻ ቀማኛው

በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የነፍስ አባታችን ቄስ ፈንታ፣ ከመደቡ ራስጌ፤ የባለቤቴ እናት እማማ ጥሩወርቅ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ፤ ባለቤቴ ደሴ፣ ጠላ እየቀዳ፤ ጎረቤታችን ዝናሽ፣ ልታግዘኝ መጥታ የተቀመጠች፤ የማርያም ማኅበርተኞች፣ ወንዱም ሴቱም፣ በአግዳሚው ላይ ተጠጋግተው፤ ልጄ ብርቄ፣ በተሠራላት ወንበር ላይ፤ አቶ አንዳርጌ፣ ከብርቄ አጠገብ ቁርበት ላይ፤ እና እኔ፣ ከጓዳ ወደ ገበታው የምመላለስ።

ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ በዚያ ወር ተራው የእኛ ነበር። ጾም ስላልነበረ የሥጋ ወጥ ሠርቻለሁ። የሆነውን ከመናገሬ በፊት ግን አቶ አንዳርጌ ማን እንደነበሩ ልንገር።

አቶ አንዳርጌ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበሩ። አገራቸው ሐሙሲት ነው። ሰው የሥራቸውን ስም መጥራት ስለሚቸግረው «የሆስፒታሉ ወጌሻ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም አይከፋቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ልብስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከልጆች ጋር ፍራሽ ላይ ሲንከባለሉ እንኳ ከረባታቸውን አይፈቱም፤ ወደ ትከሻቸው ወርውረውት ይሠራሉ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ጎን ለጎን ያስተካክሉና፣ የገባ ሰው እንዳይረግጥባቸው ሥራቸውን እየሠሩ በዓይናቸው ይጠብቁታል። ውሻ ይፈራሉ። ወደ ቤታችን ሲመጡ ገና ከመታጠፊያው «ውሻውን እሰሩ» እያሉ ስለሚጮኹ፣ መምጣታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል።

ብርቄ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ምጡ ረዘመብኝ፤ ስትወለድም ቶሎ አላለቀሰችም። የጎረቤት ልጅ ሲቀመጥ እሷ አልተቀመጠችም፤ ሲድህ አልዳኸችም። እግሮቿ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ። ቀኝ እጇ አውራ ጣቷን ውስጥ አድርጎ እንደተጨበጠ ይውላል። ጠበል ወሰድናት። እብናት አንድ የታወቀ ወጌሻ አለ ሲሉን እዚያም ወሰድናት፤ ሰውየው ዳስሶ ዳስሶ «አጥንቷ ደኅና ነው፤ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ መለሰን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጀርባዬ አልወረደችም።

ሰው የሚጠይቀኝ መቼ ትሄዳለች እያለ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ እኔ ብሞት ማን ያበላታል የሚለው። ሌላዋ እናት ልጇ ሲያስነጥሰው ትደነግጣለች። እኔ የምደነግጠው ራሴን ሲያስነጥሰኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለደሴም ቢሆን።

አንዲት ነርስ ወደ አቶ አንዳርጌ ላከችን። ክፍላቸው ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ትልቅ ኳስ አለ፤ ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሁለት የብረት መደገፊያ አለ። ልጅቷን አውርጂያት አሉኝ። ወለሉ ይበርዳል አልኳቸው። ፍራሽ ነው አሉ። ታለቅሳለች አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ያመጣሽልኝ ልጅቷን ነው ወይስ ጀርባሽን?» አሉኝ።

አወረድኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ገና ከበር ሲያዩኝ «አንቀልባ መጣች» ይላሉ።

የበሽታውን ስም ነገሩኝ፤ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ደጋግሜ አስብያቸው እንኳ አፌ አልለመደውም። ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ ገባኝ። እግሯ ደካማ እንዳይመስልሽ አሉ፤ ይልቅ እረፍ የሚለው ያጣ እግር ነው፤ ተኝታ እንኳ ይሠራል። ከጭንቅላት ወደ እግር የሚሄደው ትእዛዝ ነው የተበላሸው። ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ነበር የሚመልስልኝ። እሳቸው አይድንም አሉ። ቀጠሉና፣ የተጎዳው አይመለስም፣ እኛ የምንሠራው ከተረፈው ጋር ነው፣ የተረፈው ደግሞ ብዙ ነው፣ ቶሎ ካልተጀመረ ግን እሱም ይደርቃል አሉ። እቤት ስደርስ ለደሴ የነገርኩት አይድንም ማለታቸውን ብቻ ነበር። የቀረውን በማግስቱ ነገርኩት።

ያን ቀን ስታበያት አሳዪኝ አሉኝ። እንደ ልማዴ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ራሷን ወደ ኋላ ይዤ፣ ገንፎውን በጣቴ አገባሁላት። ትን አላት። ሁልጊዜም ትን ይላታል፤ በሽታዋ ይመስለኝ ነበር።

«ዶሮ ናት እንዴ ሽቅብ እያየች የምትውጠው?» አሉ።

ቀጥ አድርገው አስቀመጧት፤ ጀርባዋን በደረታቸው ደገፉ፤ አገጯን ትንሽ ወደ ታች አደረጉት። ገንፎውን ሳትስል በላች። እኔ አፏን አፏን አይ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሸሚዛቸው ላይ የፈሰሰውን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድን። እግሯን እንዴት ቀስ ብዬ እንደማፍታታ አስተማሩኝ፤ ቸኩለሽ ብትጎትቺው ይብስ ይታገልሻል፣ እንደ ጅል በቅሎ ጠብቂው አሉ። ጭኖቿን የሚለያይ፣ ከኋላ ጥግ ያለው ወንበር አሠሩላት አሉን። ደሴ አናጢ ዘንድ ሄዶ፣ ለልጁ የሚሰስት እንዳይመስለው፣ ቅርጽ የወጣለት ሰፊ ወንበር አሠርቶ በሰው አሸክሞ አመጣ። አቶ አንዳርጌ ዞረው ዞረው አዩትና ለየትኛው ጳጳስ ነው ብለው ጠየቁ። ብርቄ ብትቀመጥበት ትሰጥማለች። መልሰን አስቆረጥነው፤ ደሴም ያ ቅርጽ ሲቆረጥ እንዳያይ ወደ ሥራው ወፍጮ ቤት ሄደ።

ልጆችን ያናድዱ ነበር። ሌላው ሕፃን አይቶ እሹሩሩ ሲል እሳቸው ጠጠር ይዘው ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፤ ያውም እያጭበረበሩ። የብርቄን ጠጠር ሰርቀው ከጉልበታቸው ሥር ይደብቃሉ። እሷ ትጮኻለች፤ እሳቸው አላየሁም ይላሉ። አንድ ቀን ልጅ ማስለቀስ ምን ይባላል ብዬ ተቆጣሁ። «የተባበለ ልጅ እጁን ይሰበስባል፤ የተናደደ ልጅ እጁን ይዘረጋል» አሉኝ። ሳይ እውነትም ያች የተጨበጠች ቀኝ እጇ ወደ ጉልበታቸው እየሄደች ነበር። ጠጠሩን አልያዘችውም። ግን ሄዳለች።

መቀመጡን ለመደች። መብላቱ ላይ ግን አልሄደም። ሆስፒታል ውስጥ ዳቦ ሲሰጧት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች እንጂ አታነሣም። አቶ አንዳርጌ ይህ ነገር ከእጇ አይመስለኝም ብለው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቤታችን መጡ። አንድ ጥግ ይዘው አዩን። እማማ ጥሩወርቅ አጎረሷት። ደሴ አጎረሳት። ዝናሽ እሳት ልትጭር መጥታ አጎረሰቻት። እኔም አጎረስኳት። በእኛ ቤት ብርቄን ሳያጎርስ የወጣ ሰው የለም፤ ይህም እንደ ጽድቅ የሚቆጠር ነበር። እንዲህ ያለችውን ልጅ ያላጎረሰ ማንን ያጎርሳል?

ምሳው ሲያልቅ ተነሡና፣ ይህች ልጅ በሰው እጅ ሀብታም ሆና የራሷን ረስታዋለች፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጉርሻ የለም አሉ። ከፊቷ አስቀምጡላት፣ ቁራሹን አጠር አጠር አድርጉት፣ ከዚያ ጠብቁ። ከበደኝ። ጉርሻ ከልክሉ የሚል መድኃኒት ሰምተን አናውቅም። እማማ ጥሩወርቅ ሰውየው ከወጡ በኋላ ልጅ የሌለው ሰው ነው አሉ፤ ይህ ግን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛም እሺ ብለን ሳናደርገው ቀረን። እንጀምራለን እያልን አንድ ጊዜ ሳል ይዟታል፣ አንድ ጊዜ በዓል ነው፣ አንድ ጊዜ አያቷ ከፍቷቸዋል።

የማኅበሩ ተራ የደረሰን በዚህ መካከል ነው። አቶ አንዳርጌ የመጡት የተቆረጠውን ወንበር ሊያዩ ነበር፤ ደሴ ድግስ ካለበት ቤት ዝም ብሎ አይኬድም ብሎ አስቀመጣቸው። አግዳሚው ላይ ቦታ ሲለቀቅላቸው እንቢ ብለው፣ ከረባታቸውን እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከብርቄ አጠገብ ቁርበት ላይ ተቀመጡ።

ጸሎት ተደርጎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ወጡ ቀረበ። መጀመሪያ ዝናሽ ሥጋ መርጣ ጠቅልላ ወደ ብርቄ ዘረጋች። አቶ አንዳርጌ ከጎን አንገታቸውን አስግገው ዋጡት። ዝናሽ ጣቷን ሰብስባ፣ ሰውየው ጣቴን ሊበሉኝ ነው አለች። ጣፍጧል፣ ድገሚኝ አሏት። ቤቱ ሳቀ። አንድ ማኅበርተኛ ለብርቄ ሲጠቀልል እሱንም ዋጡት። ሌላዋ ብልጥ ነኝ ብላ በወዲያኛው በኩል አዙራ ላከች፤ ተንጠራርተው ደረሱበት። የሚስቀው በዛ። እኔ አልሳቅኩም፤ ብርቄን እያየሁ ነበር። ጉርሻው ሁሉ ወደ እሷ መጥቶ ከአፏ ጫፍ ሲመለስ በዓይኗ ትከተለዋለች።

ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ ጠቀለሉ። በእሳቸው ጉርሻ የሚቀልድ ሰው የለም። አቶ አንዳርጌ ግን አፋቸውን ከፍተው ቀረቡ። እማማ እጃቸውን ሳብ አደረጉ።

«አንተ ሰው፣ ከሕፃን አፍ ትቀማለህ?»

«እቀማለሁ እማማ። ካላነሰብዎ ይጨምሩልኝ።»

«ቀማኛ» አሉ እማማ። ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሳቁ ቆመ። ማንም ከዚያ በኋላ ሊያጎርስ አልደፈረም። ብርቄ አፏን ከፍታ ከአንዱ ሰው ወደ አንዱ ዞረች። ሁሉም የራሱን እንጀራ አየ። ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶዋ ሲበዛ ሰውነቷ ይገተራል፤ ያን ጊዜም ተገተረች፤ እግሮቿ የወንበሩን እንጨት ገፉት። እኔ የያዝኩትን ወጥ አስቀመጥኩና ጠቀለልኩ። እጄ መንገድ ላይ ሳለ አቶ አንዳርጌ አልቀሙኝም። ድምፃቸውንም አላነሡም።

«አንቺ ስትሞቺ እኔ እየመጣሁ አላጎርሳትም» አሉ።

በማርያም ማኅበር፣ ቄስ በተቀመጡበት። አንዱ በስመ አብ አለ። ደሴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ። እኔ እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሰውየው ይህን ፍርሃቴን ከየት አወቁት ብዬ ብዙ አስቤያለሁ፤ አሁን ሲመስለኝ አላወቁትም፤ እንደ እኔ ያለች እናት ሁሉ የምትፈራው አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ጉርሻውን ብርቄ ፊት አስቀምጬ ተመለስኩ። ጓዳ ግን አልገባሁም። በሩ ላይ ቆምኩ።

ብርቄ አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች። ጉርሻውን አየችው። ግራ እጇን ዘረጋች፤ ደኅናዋ እጅ እሷ ናትና። ጨበጠችው፤ ወጡ በጣቶቿ መካከል ወጣ።

«በግራዋ!» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ ያውም ካህን ባለበት ገበታ። አቶ አንዳርጌ «ቀኟ እስኪታዘዛት ትጹም እማማ?» አሉ። ሁሉም ወደ ቄስ ፈንታ አየ። ቄስ ፈንታ እጃቸውን ዘርግተው ትሪውን አዞሩት፤ ወጥ ያለበት ወገን ወደ ብርቄ መጣ። ከዚያ ጠላቸውን አንሥተው ጠጡ።

ጉርሻው አብዛኛው ቀሚሷ ላይ ቀረ። ጥቂቱ አገጯ ላይ ደረሰ። ከዚያ ያነሰው አፏ ገባ። አኘከች። ወሬው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። አቶ አንዳርጌ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ከረባታቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሲወጡ ውሻው መታሰሩን በመስኮት አይተዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ የምር ጀመርን። ቀላል አልነበረም። ብርቄ ከሳች። አንድ ምሳ ከቀትር ጀምሮ ደሴ ከሥራ እስኪመለስ ይፈጃል። ማየት ሲያቅተኝ ወጥቼ አጥር ይዤ እቆማለሁ። እማማ ጥሩወርቅ አቶ አንዳርጌን በስማቸው አልጠሩም፤ «ያ ቀማኛ መጣ» ነው የሚሉት። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣም ብርቄን ከበር ኋላ ያጎርሷት ነበር። አገጯ ላይ ቅቤ እያየሁ ዝም እላለሁ። አቶ አንዳርጌ ግን ልጅቷን አይተው ይህች አልራባትም፣ ማን ቀደመኝ ይላሉ፤ እማማ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሁለቱ እንዲህ እንደተኳረፉ ብዙ ጊዜ አብረው ዋሉ። እማማ ሲያርፉ ቀብር ላይ አቶ አንዳርጌን አይቻቸዋለሁ፤ ከኋላ ቆመው ነበር።

ግራ እጇ መብላት ሲለምድ አቶ አንዳርጌ ወደ ቀኟ ዞሩ። ግራዋን በለስላሳ ጨርቅ ለጨዋታ ያህል ጠቅልለው፣ ቀኟን ብቻዋን ያሠሯታል፤ ኳስ መግፋት፣ ኩባያ መደገፍ፣ ጨርቅ መጎተት። ቀኟ እንደ ግራዋ እንደማትሆን ነግረውናል። ግራዋ ትሥራ፣ ቀኟ ትያዝላት፣ ይህ ይበቃል አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ ዛሬ ብርቄ ዳቦውን በቀኟ ተጭና በግራዋ ትቆርሳለች።

ሁሉም እንዳሉት ሆነ ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳትገባ ብቻዋን ትሄዳለች ብለውን ነበር። አልሄደችም። እስከ ዛሬ በብረት መደገፊያ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ሩቅ ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበር። ይህን ስጠይቃቸው ሰበብ አልፈለጉም። ተሳስቻለሁ፣ እግሯን አምኜው ነበር አሉ። ከዚያ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደተለመደው መጡ።

ጡረታ የወጡ ሰሞን አንድ ቀን መጥተው በብርቄ ግራ መዳፍ ላይ ቆሎ አፈሰሱላትና በቀኝሽ ልቀሚ አሏት። ያን ጊዜ ትልቅ ልጅ ሆና ነበር፤ ቆሎው እየተበተነ ስትስቅ አብረው ሳቁ። ጥቂት ፍሬ አንሥታ በላች። ይበቃል አሉ። መሄዳቸው የመጨረሻ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ሐሙሲት ገቡ የሚል ሰማን።

በቅርቡ እኔ ታመምኩ። ሐሞት ነው ብለው ባሕር ዳር አተኙኝ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ልመለስ ስል መንገዱ ተዘጋ፤ የስልክ መስመሩም ተቋረጠ። እማማ የሉም፤ ደሴ ወፍጮ ቤት ይውላል፤ ዝናሽ ወደ ልጆቿ ሄዳለች። አልጋ ላይ ሆኜ የማስበው ያንኑ የጥንቱን ነበር። ስልኩ በተመለሰ ዕለት ደሴን መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው።

«ብርቄን ማን አበላት?»

«ማንም» አለ።

«እንዴት ማንም?»

«ማንም አላበላትም። እኔንም ስመጣ አቅርባ ነው የምትጠብቀኝ» አለ፤ የማይገባ ነገር የጠየቅኩት ይመስል።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ተኛሁ፤ ደኅና አድርጌ ተኛሁ።

እቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህን ለአቶ አንዳርጌ መንገር አለብኝ እላለሁ። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩ፤ አሁን ያለችው ባለሙያ ወጣት ናት፣ ጎበዝም ናት፣ እሳቸውን ግን አታውቃቸውም። ሐሙሲት ሰው ላክሁ፤ እዚያ የሉም፣ ይፋግ እህታቸው ዘንድ ሄደዋል ተባለ። የይፋግ ሰው ደግሞ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ አርፈዋል አለኝ፤ ቀብር የቆመ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። አቶ አንዳርጌን የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት ካሉ ያሉበትን ንገሩኝ፤ ከሌሉም የተቀበሩበትን ደብር ንገሩኝ።